«ሲ» ያገኘው ጽንስ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ስልኬ ጮኸ። ታላቅ እህቴ ከአብርሃ ጅራ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ልካለች። ፎቶው ላይ ያለው ግራጫ ክብ ነገር ነው፤ ስስ ደመና የሸፈናት ጨረቃ ይመስላል። ከሥሩ አንድ ቁጥርና ሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል፦ 4 ቢ ሲ። ወዲያው መልእክቷ ተከተለ።

«አንተ የተማርከው፣ እስቲ ይችን አንብብልኝ። ‹ሲ› ማለት ወደቀች ማለት ነው እንዴ?»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «የቀረችን እሷ ብቻ ናት» አለች።

ፎቶው የጽንስ ፎቶ ነው። የእህቴና የባለቤቷ። ጽንሱ ያለው አዲስ አበባ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞላ ታንክ ውስጥ ነው። መጠኑ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። እኛ የቆላ ሰዎች ትንሽ ነገር የምንለካው በሰሊጥ ነውና በሰሊጥ ልንገራችሁ፦ በአንዲት ፍሬ ሰሊጥ ርዝመት ልክ እንዲህ ያሉ ጽንሶች አሥራ አምስት ያህሉ በሰልፍ ይቆማሉ። የአንድ ቤት የስምንት ዓመት ተስፋ እዚያች ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ከሥሯ ግን «ሲ» ተብሎ ተጽፎባታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳት ሰው የለም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያን ምሽት የመለስኩላት «ቆይ ልጠይቅልሽ» ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሳምንታት ባለሙያ ሳስቸግር፣ ጥናት ሳገላብጥ ከረምኩ። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ያዘጋጀሁት መልስ ነው። ለእናንተም ያካፈልኩት ጉዳዩ የእኛ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ውስጥ ልጅ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ከስድስት ጓደኞቻችሁ አንዱ ማለት ነው።

ስምንት ዓመት

አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። የሱዳን ድንበር ሩቅ አይደለም። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትባት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባት ቆላ ናት። እህቴ ተወልዳ ያደገችው፣ ያገባችውም እዚያው ነው። ባለቤቷ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ደህና ሰው ነው፤ «ጋሼ» ነው የምለው።

በመጀመሪያው ዓመት ማንም ምንም አላለም። በሁለተኛው ዓመት ጎረቤት «ምነው?» ማለት ጀመረ። በሦስተኛው አማቷ ጠበል ወሰዷት። በአራተኛው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ፣ ከኋላዋ የተቀመጡ ሴቶች «መካን» የምትለዋን ቃል ሲያወሩ ሰማች። ያን ቀን ሰርጉን ጥላ ወጣች። የቃሉ ክፋት መራርነቱ ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚለጠፈው ሴቷ ላይ ነው።

በሕክምና ቋንቋ መካንነት ማለት አንድ ጥንድ ያለ መከላከያ ለ12 ወራት አዘውትሮ ግንኙነት አድርጎ እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሲጀመር የአንድ ሰው ሳይሆን የሁለት ሰው ጉዳይ ነው። እህቴ ግን ጎንደር ድረስ ሄዳ የተመረመረችው ብቻዋን ነው፤ ያውም በአምስተኛው ዓመት። በራጅ ሲታይ ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተዋል።

ለምን? በተጋቡ በዓመቱ ገደማ አንድ ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ነበር። በኋላ ትኩሳት ያዛት፤ ሆዷን አመማት። «ያልፋል» ብላ ቤት ውስጥ ተኝታ አሳለፈችው። ትኩሳቱ አለፈ፤ ኢንፌክሽኑ ግን ቱቦዎቹ ላይ ጠባሳ ጥሎ ሄደ። በአፍሪካ ለሴቶች መካንነት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ያልታከመ ኢንፌክሽን፣ እንዲሁም እንደ ክላሚዲያና ጨብጥ ያሉ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች ቱቦውን ያጣብቁታል። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። በጊዜው ከተገኘ በተራ አንቲባዮቲክ ይድናል። ጠባሳው ከተፈጠረ በኋላ ግን ኪኒን አይመልሰውም። ወጣት አንባቢዬ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ሁሉ ቢረሳህ ይችን ያዛት፤ ቶሎ መመርመር ከሁሉም ይረክሳል።

አምስት ቀን በ37 ዲግሪ

ቱቦ ሲዘጋ እንቁላሉና የወንዱ ዘር የሚገናኙበት መንገድ የለም። አይ ቪ ኤፍ የሚባለው ሕክምና ይህን መንገድ ዞሮ የሚያልፍ ነው። ሴቷ ብዙ እንቁላል እንድታበስል በመርፌ መድኃኒት ይሰጣታል። እንቁላሎቹ በቀጭን መርፌ ይወጣሉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ከወንዱ ዘር ጋር ይገናኛሉ። የወንዱ ዘር ቁጥሩ ካነሰ ደግሞ ኢክሲ በሚባለው ዘዴ አንድ ስፐርም ብቻ ተመርጦ በመርፌ በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል።

በአገራችን ይህን ሕክምና በመንግሥት ተቋም የጀመረው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ማዕከሉ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጥንዶች፣ አቅሙ ያላቸው ብቻ፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር። እህቴና ባለቤቷ አዲስ አበባ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዱ። የሁለት ዓመት የሰሊጥ ትርፍ እዚያ ቀረ።

ከእህቴ ዘጠኝ እንቁላል ወጣ። ሰባቱ የበሰሉ ነበሩ። አምስቱ ተዳቀሉ። በአምስተኛው ቀን የደረሱት ግን ሁለት ናቸው። እህቴ «ሰባቱን አጠፉብኝ» ብላ አልቅሳ ነበር። የጠየቅኋቸው ባለሙያ «ይህ የተለመደ ነው» አሉኝ። ከተዳቀሉት እንቁላሎች ውስጥ አምስተኛው ቀን ላይ የሚደርሱት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው። በተፈጥሮ እርግዝናም ይኸው ማንጠርጠር አለ፤ ልዩነቱ በሆድ ውስጥ ሲሆን ማንም ቆጥሮ አይነግረንም። ጤነኛ ወጣት ጥንዶች እንኳ በአንድ ወር ውስጥ የመጸነስ ዕድላቸው ከአራት ወይም ከአምስት አንድ ገደማ ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት አምስት ቀናት እንዲህ ናቸው። ጽንሶቹ ኢንኩቤተር በሚባል ሳጥን ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ይቀመጣሉ። (በሚያዝያ ቀትር አብርሃ ጅራ ከዚህ ትበልጣለች! ለእህቴ ስነግራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት።) በመጀመሪያው ቀን እንቁላሉ ውስጥ ሁለት ክብ ነጠብጣብ ይታያል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። በሁለተኛው ቀን አራት ሕዋስ፣ በሦስተኛው ስምንት ሕዋስ ገደማ ይሆናል። በአምስተኛው ቀን መቶና ከዚያ በላይ ሕዋሳት ይኖሩታል፤ መሐሉ በፈሳሽ ይሞላና ትንሽ ፊኛ ይመስላል። ብላስቶሲስት የሚሉት ይህንን ነው። ኢምብሪዮሎጂስቱ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ደረጃ የሚሰጠው በዚህ ሰዓት ነው።

ፊደሎቹ ምን ይላሉ?

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት ይህ አሰጣጥ በአሜሪካ ይሠራ በነበረው በዴቪድ ጋርድነር ስም ይጠራል። ሦስት ምልክቶች አሉት።

መጀመሪያ ያለው ቁጥር ከ1 እስከ 6 ነው። ፊኛው ምን ያህል እንደተነፋና ከቅርፊቱ መውጣት መጀመር አለመጀመሩን ይናገራል። የእህቴ 4 ነው፤ ማለትም በደንብ ተነፍቷል። ይህ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ፊደል ወደፊት ልጅ የሚሆነውን፣ ውስጥ ያለውን የሕዋሳት ጥቅል ይመለከታል። ብዙ ሆነው ጥቅጥቅ ካሉ «ኤ»፣ መለስተኛና ላላ ያሉ ከሆኑ «ቢ»፣ በጣም ጥቂት ከሆኑ «ሲ» ይባላሉ። የእህቴ «ቢ» ነው።

ሁለተኛው ፊደል ዙሪያውን የከበቡትን ሕዋሳት ይመለከታል። እነዚህ በኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ናቸው። ማህፀን ግድግዳ ላይ የሚጣበቁትም እነሱ ናቸው። እህቴ ያስለቀሳት «ሲ» ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ «ሲ» ማለት ልጁ «ሲ» ነው ማለት አይደለም። አማቷ «እንዲህ ያለው ቢወለድ አካሉ ይጎድላል ይሆን?» ብለው ሰግተው ነበር። አይደለም። ደረጃው ጽንሱ የመጣበቅ ዕድሉን ለመገመት የሚረዳ ነው። ስለሚወለደው ልጅ ጤና፣ መልክ ወይም ጭንቅላት የሚናገረው ነገር የለም።

ይህን ነገር ከሁላችንም ፈጥኖ የገባው ጋሼ ነው። በስልክ ሳስረዳው ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦ «ሰሊጥ ምርት ገበያ መጋዘን ስናስገባ ናሙና ይወስዳሉ። ባዕድ ነገሩን፣ እርጥበቱን፣ ቀለሙን አይተው ደረጃ ይሰጡታል። ደረጃው ዋጋውን ይነግርሃል። ይበቅላል አይበቅልም የሚለውን ግን አይነግርህም። ዝቅ ያለ ደረጃ የተሰጠውን ዘርቼ የበቀለልኝ ጊዜ አለ። አንደኛ የተባለውም ዝናብ አጥቶ የቀረብኝ ጊዜ አለ።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ግን ምሳሌውን እንዳናጋንነው። ደረጃው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጽንሶች ሲታዩ «ኤ ኤ» የተባሉት «ሲ» ካለባቸው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጣበቃሉ። ስለዚህ ባለሙያው ከሁለት አንዱን ሲመርጥ ከፍ ያለውን ማስቀደሙ ልክ ነው። ደረጃው ወረፋ ያስይዛል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። ዝቅ ያለ ዕድል ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። በዓለም ላይ «ሲ» ከተጻፈባቸው ጽንሶች ተወልደው ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ።

የመጀመሪያዋ «ኤ ኤ» ነበረች

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከሁለቱ ጽንሶች የመጀመሪያዋ 4 ኤ ኤ ነበረች። ክሊኒኩ ውስጥ «በጣም ቆንጆ ናት» ተባለላቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ስሙን «ኤ ኤ» ብሎ መጥራት ጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል። ገባች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደም ምርመራው ምንም አላሳየም።

እህቴ ጥፋቱን ፈለገች፤ አገኘችውም። «ከክሊኒኩ ስወጣ ባጃጅ ላይ ተሳፍሬያለሁ። መንገዱ ኮረኮንች ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት።» ይህን ለስድስት ወር በሆዷ ይዛ ቆይታለች።

ባጃጁ አይደለም። ጽንስ ከገባ በኋላ አልጋ ላይ መተኛት ዕድሉን እንደማይጨምር በጥናት ታይቷል፤ አሁን ሐኪሞች ታካሚዎቻቸውን ወደ መደበኛ ኑሯቸው እንዲመለሱ ነው የሚመክሩት። ጽንሱ በማህፀን ሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለ እንጂ ከመቀመጫ የሚወድቅ እቃ አይደለም።

ታዲያ «ኤ ኤ» ለምን ቀረች? ዓይን የማያየው ነገር ስላለ ነው። ማይክሮስኮፑ የሚያሳየው መልክን ነው። ሕዋሱ ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች ልክ መሆናቸውን ግን አያሳይም። በሰው ልጅ ጽንስ ውስጥ የክሮሞሶም ቁጥር መዛባት በጣም የተለመደ ነው። ጽንስ የማይጣበቅበት ወይም ቶሎ የሚወርድበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህም የሚጨምረው በእንቁላሉ ዕድሜ ነው። ሴቷ 40 ዓመት ሲሆናት ከጽንሶቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተዛባ ክሮሞሶም አላቸው። የአንዲት የ41 ዓመት ሴት «ኤ ኤ» እና የአንዲት የ28 ዓመት ሴት «ቢ ቢ» ፎቷቸው ጎን ለጎን ቢቀመጥ የመጀመሪያው ያምራል፤ የተሻለ ዕድል ያላት ግን ሁለተኛዋ ልትሆን ትችላለች።

በብሪታንያ መሰል ሕክምናዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መዝገብ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከ35 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች ዘንድ ማህፀን ውስጥ ከገቡት ጽንሶች ለመወለድ የሚበቃው ከሦስት አንዱ ገደማ ነው። ከ40 እስከ 42 ባሉት ዘንድ ከአሥር አንዱ ገደማ ይሆናል። ከፊደሉ ይልቅ ዕድሜ ይበልጥ ይናገራል።

ክሮሞሶሙን የሚመረምር ዘዴም አለ። ከጽንሱ ዙሪያ ጥቂት ሕዋሳት ተወስደው ይታያሉ። ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ያን ምርመራ ካለፉት ጽንሶች መካከልም ከሦስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት አይጣበቁም። ማለትም በዓለም ላይ የመጨረሻው የተባለው ምርመራ እንኳ «እርግጠኛ ነኝ» አይልም።

እህቴን ስትመርጥ የነበረችው ዕድል ከሦስት አንድ ገደማ መሆኑን ቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር፣ ሐዘኑ ባይቀርላትም ጸጸቱ ይቀርላት ነበር።

282 ሴቶች

አይ ቪ ኤፍ ራሱ የተጀመረው በውድቀት ላይ ተራምዶ ነው። በዚህ መንገድ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ሰው ሉዊዝ ብራውን ናት፤ ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. በእንግሊዟ ኦልድሃም። እናቷ ሌስሊ ብራውን እንደ እህቴ ቱቦዎቿ የተዘጉ ነበሩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሞክረው አልሆነላቸውም። ሦስት ሰዎች ረዷቸው፤ ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ እና ነርስና ኢምብሪዮሎጂስት የነበረችው ጂን ፐርዲ። ሉዊዝ የሆነችው ጽንስ ስትከፋፈል መጀመሪያ ያየችው ፐርዲ ናት። ጽንሷ ወደ ማህፀን የገባችው ገና ስምንት ሕዋስ ሳለች ነው፤ ያን ጊዜ የዛሬው ኤ፣ ቢ፣ ሲ አልነበረም።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሉዊዝ ብቻ ትጠቀሳለች። በኋላ የተጠኑት የላቦራቶሪ መዝገቦች ግን ሌላም ይናገራሉ። በእነዚያ የሙከራ ዓመታት 282 ሴቶች ተሳትፈዋል። 112 ጊዜ ጽንስ ወደ ማህፀን ገብቷል። የተወለዱት ሁለት ልጆች ናቸው። የቀሩት ሴቶች ስማቸው አይታወቅም፤ ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ስቴፕቶና ፐርዲ በሕይወት አልነበሩም።

ይህን ለእህቴ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እነዚያ ሴቶች ባይኖሩ እኔም አልኖርም ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ማለት ነው።

ፎቶውን ለኤአይ ብሰጠውስ?

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ፎቶውን አንድ የኤአይ አፕ ላይ ጭኜ «ይህ ጽንስ ይጣበቃል?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ረጅም፣ ትሁት፣ ምንም የማይል መልስ ሰጠኝ።

ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ኤአይም አለ፤ ክሊኒኮች ውስጥ ጽንስ ሲያድግ የተቀረጸ ቪዲዮ እያየ ነጥብ ይሰጣል። ይህ ቴክኖሎጂ በትልቅ ጥናት ተፈትሿል። በአውስትራሊያና በአውሮፓ ባሉ 14 ክሊኒኮች 1,066 ታካሚዎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር ሜዲስን መጽሔት ላይ ወጥቷል። ማሽኑ ከመረጠላቸው ውስጥ 46.5 በመቶው አረገዙ። የሰለጠነ ሰው ዓይን ከመረጠላቸው ውስጥ ደግሞ 48.2 በመቶው። ማሽኑ ሥራውን በጣም ፈጥኖ ጨርሷል፤ የተሻለ ግን አልመረጠም። ችግሩ የዓይን ድክመት አይደለም። መልሱ ፎቶው ላይ ስለሌለ ነው።

ስለዚህ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጽንስ ፎቶ እየለጠፉ «የእኔ እንዴት ነው?» መባባሉ ለማንም አይጠቅምም። ያው ጽንስ ሁለት ኢምብሪዮሎጂስት ቢያዩት እንኳ አንዱ «ቢ»፣ ሌላው «ሲ» ሊለው ይችላል።

ወንዱስ?

በሰባተኛው ዓመት ጋሼ ተመረመረ። እስከዚያ ድረስ «እኔ ምን ሆንኩ?» ነበር መልሱ። ምርመራው ቀላል ነው፤ መርፌ እንኳ የለውም። ውጤቱ ሲመጣ የዘሩ ቁጥር ያነሰ፣ እንቅስቃሴውም የደከመ ሆኖ ተገኘ። ለሰባት ዓመት ሸክሙን የተሸከመችው እህቴ ብቻዋን ነበረች። ያን ምሽት ጋሼ እናቱ ቤት ሄደና «ከዛሬ ጀምሮ በሷ ላይ ክፉ ቃል የሚናገር እኔን ነው የተናገረው» አለ። ሠርጋቸው ላይ ከተናገረው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

የወንድ አስተዋጽኦ በግማሽ ያህሉ የመካንነት ጉዳይ ውስጥ አለበት። የጽንስ ጥራት ስንል ደግሞ የእንቁላሉ ብቻ ሳይሆን የስፐርሙም ጥራት ነው። ለእኛ ቆላ ይህ ልዩ ትርጉም አለው። የወንድ ዘር የሚመረተው ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ ተመርቶ ለመድረስም ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ለምሳሌ የወባ ትኩሳት፣ ለተወሰኑ ወራት ቁጥሩን ሊቀንሰው ይችላል። ወባ ታምሞ በሳምንቱ የተመረመረ ሰው ውጤቱን ከጥቂት ወራት በኋላ መድገም አለበት።

የእርሻ ኬሚካልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዲ ቢ ሲ ፒ የተባለ የተባይ መድኃኒት በሚያመርት ፋብሪካ የሚሠሩ ወንዶች ልጅ መውለድ እንዳቃታቸው እርስ በርስ ሲጨዋወቱ ደረሱበት፤ ሲመረመሩ ብዙዎቹ ዘራቸው አንሶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ተገኘ። ሁሉም ኬሚካል እንደዚያ ነው ማለት አይደለም። ግን ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል እርሻ ላይ የምትረጭ ወንድሜ፣ ጉዳዩ ሳንባህን ብቻ የሚመለከት አይምሰልህ። ሲጋራም ይጎዳል። ጂም ውስጥ ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወሰደው ቴስቶስትሮን ደግሞ የዘር ምርትን ሊያቆመው ይችላል። ይህን ስንቱ ወጣት ያውቃል?

«70 በመቶ» የማን ነው?

በቲክቶክ «ስኬታችን ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይመጡላችኋል። ቁጥሩን ከማመን በፊት ጠይቁ። የምን ስኬት ነው? የደም ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑ? የልብ ምት መታየቱ? ወይስ ልጅ መወለዱ? በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አለ፤ በየደረጃው የሚቀር አለና። ደግሞ ከማን ውስጥ? መርፌ ከጀመሩት ሁሉ ነው ወይስ ጽንስ እስከ ማስገባት ከደረሱት ብቻ? ዕድሜያቸውስ? እነዚህን ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚመልስ ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው።

ሌላው ጥያቄ ብዛት ነው። አማቷ መጀመሪያ ላይ «ሁለቱንም በአንዴ ያስገቡልሽና መንታ ይሁንልሽ» ብለው ነበር። ፍቅር ነው፤ ግን አደጋ አለው። መንታ እርግዝና ያለጊዜው የመወለድና የእናት ደም ግፊት አደጋን ይጨምራል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ከአብርሃ ጅራ ስንት ሰዓት ይርቃል? መንገዱስ በዚያ ቀን ክፍት ይሆናል? አንድ በአንድ ማስገባት ስስት አይደለም፤ ለእናትም ለልጅም ማሰብ ነው።

ውሳኔው

እህቴ ከተላከላት ፎቶ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ነበር፤ «ይህን ታስገቢያለሽ ወይስ ከአዲስ ትጀምሪያለሽ?» ከአዲስ መጀመር ማለት እንደገና መርፌ፣ እንደገና የሁለት ዓመት ሰሊጥ ነው። ማስገባት ማለት ዝቅ ባለ ዕድል መሞከር ነው።

ያሰባሰብኩትን ሁሉ አንድ ምሽት በስልክ ነገርኳት። ፊደሉ ዕድሉን እንደሚቀንስ አልደበቅኋትም። ዜሮ እንዳልሆነም ነገርኳት። ጽንሱ የተቀዘቀዘው እሷ 33 ዓመት ሳለች ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ውስጥ ያለ ነገር አያረጅም። መንገድ ቢዘጋ፣ ሰሊጥ ዋጋ ቢወድቅ፣ አንድ ዓመት ቢዘገዩ እሱ የ33 ዓመቷ ሴት ጽንስ እንደሆነ ይቆያል። አሁን ባለው የማቀዝቀዝ ዘዴ ሲቀልጥም አብዛኛው በሕይወት ይተርፋል። ስለዚህ ጊዜ አላቸው። ማንም ሊያስቸኩላቸው አይገባም።

ሰምታ ስትጨርስ ያለችው ይህን ነው፤ «እንግዲያውስ ትግባ። ካልሆነ አልሆነም። ሳትሞከር ግን አልጥላትም።»

አሁን ጥቅምት ነው። አብርሃ ጅራ ላይ ሰሊጡ ታጭዶ በሂላ ቆሟል፤ እየደረቀ ነው። ሲራገፍና ሲሸጥ፣ ኅዳር ውስጥ፣ ሁለቱም አብረው አዲስ አበባ ይመጣሉ። ጋሼ በዚህ ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ ውጭ ቆሞ አልጠብቅም ብሏል። ከክሊኒኩ እኔ ቤት ድረስ በባጃጅ ነው የምንሄደው፤ ይህም ተወስኗል።

ይህን ጽሑፍ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ልጽፈው አስቤ ነበር። ከሆነ ደስ የሚል መጨረሻ ይኖረዋል ብዬ። ከዚያ ተውኩት። አንድ ልጅ ቢወለድ «ሲ ሁሉ ይወለዳል» ማለት አይደለም፤ ባይወለድም «ሲ ሁሉ ይቀራል» ማለት አይደለም። ልናገረው የፈለግኩት ነገር ደግሞ በውጤቱ የሚለወጥ አይደለም። በኅዳር መጨረሻ የሚመጣው ወረቀት ምንም ይበል፣ የእህቴ ጥፋት አይደለም። ይህን ሳላውቅ፣ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ።